የሻደይ ዘፈን የማን ነው?

የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ሲገባ በዋግ ኽምራ ዞን የሰቆጣና የአካባቢዋ ልጃገረዶች ለምለሙን የሻደይ ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በየደጁ እየዞሩ የቤቱን ባለቤት ያወድሳሉ፣ ለሰጣቸው ይመርቃሉ። ጨዋታው ቀናት ይዘልቃል። የላስታው አሸንድዬ፣ የራያ ቆቦው ሶለልና የትግራዩ አሸንዳ የዚሁ በዓል ዘመዶች ናቸው።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ መኮረጅ ነውር አይደለም፤ መማሪያው እርሱ ነው። ትንሿ ልጅ ከታላላቆቿ ኋላ ቆማ ጭብጨባውን ታጠናለች፣ እርምጃውን ትይዛለች፣ በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣናም የሚባለውን ትቀበላለች። አውራጅ ለመሆን ግን መቀበል ብቻ አይበቃም። የቆመችበት ደጅ የማን እንደሆነ፣ ዘንድሮ ማን ልጅ እንደዳረ፣ ማን ከመንገድ እንደተመለሰ አስተውላ እዚያው ስንኝ መግጠም አለባት። ዜማውን ወርሳዋለች፣ ስንኙ የራሷ ነው። የሕዝብ ዘፈን ፈጣሪ የለውም የሚል ሰው አውራጇን በቅጡ አልሰማትም።

ጥያቄው የሚከረው ዜማው ስቱዲዮ ሲገባ ነው። አንድ ድምፃዊ ያንኑ ዜማ በኪቦርድ አስቀናብሮ፣ ጭፈራውን በካሜራ አስቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ሲያወጣ «ግጥምና ዜማ» ከሚለው ጎን የማን ስም ይጻፋል? የራሱን ብቻ ከጻፈ የብዙ ትውልድ ሥራ በአንድ ሰው ስም ተመዘገበ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ግማሽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ የሚጠብቀው ወጥ ሆኖ ሲገኝና ግዙፍነት ሲያገኝ ነው፤ ማለትም ሲጻፍ፣ ሲቀረጽ ወይም በሌላ መንገድ ሲቀመጥ። ጥበቃው አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። በሰቆጣ ደጃፍ ተገጥሞ እዚያው የቀረ ስንኝ ይህን መስፈርት አያሟላም። ለዘመናት ሲወርድ የመጣ ዜማም አንድ አመንጪ የለውም፤ የሞተበት ቀን ለማይታወቅ ሰው 50 ዓመት ከየት ተነስቶ መቁጠር ይቻላል? አቀናባሪው በበኩሉ ለጨመረው ነገር መብት አለው። የጨመረው ግን ቅንብሩን እንጂ ዜማውን አይደለም፤ ይህ ልዩነት ደግሞ በአልበም ሽፋን ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም።

እንዲህ ያለው ክርክር በሌላውም ዓለም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ድምፃዊቷ ቢዮንሴ «ካውንትዳውን» የተሰኘውን ቪዲዮ ስታወጣ፣ ቤልጂየማዊቷ የውዝዋዜ ደራሲ አን ቴሬሳ ደ ኬርስማከር ከሥራዎቿ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1983 ካቀረበችው «ሮዛስ ዳንስት ሮዛስ»፣ እንቅስቃሴዎች ተወስደዋል ብላ ተናገረች። የውዝዋዜውን ፊልምና ቪዲዮውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ስለሚቻል ዓለም መመሳሰሉን ወዲያው አየ። ያችው ደራሲ ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያኑ ውዝዋዜ እንቅስቃሴ ለሕዝብ አስተምራ፣ ማንም የራሱን ቅጂ ሠርቶ እንዲልክ ጋበዘች። መኮረጁ በራሱ ያስቆጣት አይመስልም፤ ቅሬታዋ ሳትጠየቅና ስሟ ሳይነሳ መወሰዱ ላይ ይመስላል። የዋግ ልጃገረዶች ግን የሚያነጻጽሩበት እንዲህ ያለ ፊልም የላቸውም።

ጋና ሌላ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የቅጂ መብት ሕግ የሕዝብ ጥበብ መብት በፕሬዚዳንቱ እጅ፣ ለሕዝቡ በአደራ እንዲቀመጥ ደንግጋለች። አሳቡ ከባለቤት አልባነት ይሻላል፤ ዋና ከተማ የተቀመጠ መንግሥት ለተራራ መንደር ይሟገታል ወይ የሚለው ግን እንዳለ ይቀራል። መስቀል በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. የሰፈሩበት የዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብም ክብርና የመጠበቅ ኃላፊነት ያመጣል እንጂ የቅጂ መብት አይሰጥም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የኢትዮጵያው አዋጅ ሁለተኛ ግማሽ ነው። «ተዛማጅ መብት» የሚባለው ለከዋኝ፣ ማለትም ለሚዘፍነውና ለሚጫወተው ሰው፣ የራሱ ድርሻ ይሰጠዋል። ያልተቀረጸ ክዋኔውን ለመቅረጽ፣ ለማባዛትና ለማሰራጨት የሚፈቅደው እርሱ ነው፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ይቆያል። ዜማው የማን እንደሆነ ባይፈታ እንኳ በዚያች ቀን፣ በዚያ ደጅ የተሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ አያከራክርም። ካሜራ ይዞ ሰቆጣ የሚገባ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። ከልጃገረዶቹ ብዙዎቹ 18 ዓመት ስላልሞላቸው ፈቃዱ ከወላጅ ጭምር መጠየቅ አለበት። የአውራጇ ስም፣ የቡድኑና የቀበሌው ስም፣ የተቀረጸበት ቀን ከቪዲዮው ጋር ቢሰፍር ወጪው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የዞኑ ባህል ጽሕፈት ቤት አንድ ቅጂ ቢያስቀር ደግሞ በኋላ ዘፈኑን «ወጥ ሥራዬ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ጎን ለጎን የሚቀርብ ማስረጃ ይኖራል።