የሌሶቶው ጥምዝ እሬት፦ በጓሮ በዝቶ በተራራው የሚመነምን ተክል

ጥምዝ እሬት በተፈጥሮው የሚበቅለው በአንድ አገር ብቻ ነው፤ በሌሶቶ። ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበችው ይህች ትንሽ ተራራማ አገር ዝቅተኛው ቦታዋ እንኳ ወደ 1400 ሜትር ከፍታ አለው። ተክሉ ግን ከዚያም ከፍ ብሎ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ባሉት የማሉቲ ተራሮች ገደላ ገደል ላይ ነው የሚገኘው። ሳይንሳዊ ስሙ አሎ ፖሊፊላ ሲሆን የአገሩ ሰዎች ካራትሳ ይሉታል። ሌሶቶ ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች።

በኢትዮጵያ በየደጋውና በየቆላው ከሚታዩት እሬቶች ጋር አንድ ወገን ነው። እንደ እነሱ ውሃ በሚያጠራቅም ወፍራም ቅጠል ይኖራል፤ ግንድ ግን የለውም። ከሁሉም የሚለየው በቅጠሎቹ አደራደር ነው። በአምስት ረድፍ የተሰለፉት ቅጠሎች፣ በየረድፉ ከ15 እስከ 30 የሚደርሱ፣ ከመሃል ተነስተው እንደ ሰፌድ ስፌት እየዞሩ ወደ ውጭ ይሰፋሉ። አንዱ ተክል ወደ ቀኝ ሲዞር ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። ችግኝ ሳለ ይህ ቅርጽ አይታይበትም፤ መዞር የሚጀምረው ጥቂት ዓመታት ካደገ በኋላ ነው። ይህ ውበቱ ዝናውን በዓለም አስፍቶለታል፤ የመከራውም ምንጭ ይኸው ውበት ነው።

ተክሉ የሚኖርበት ቦታ ለየት ያለ ነው። ብዙዎች እሬት ሲባል በረሃና ደረቅ አሸዋ ይታያቸዋል። ጥምዝ እሬት ግን በባዛልት ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሥሩን ሰድዶ፣ ጭጋግ በሚበዛበት ቀዝቃዛ ዳገት ላይ ይበቅላል። በሌሶቶ ዝናቡ የሚመጣው በሞቃቱ ወቅት ነው፤ በዚያን ጊዜ በሥሩ ዙሪያ ውሃ ሳያቋርጥ ይንቆረቆራል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ያልፋል እንጂ አይተኛም። በብርዱ ወራት ደግሞ በረዶ ይሸፍነዋል። ሥሩ እርጥበትም አየርም፣ ከሁሉም በላይ ቅዝቃዜ ይፈልጋል ማለት ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሟላ ቦታ ከተራራው ውጭ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ከዳገቱ ተነቅሎ ወደ ሞቃት ቆላ የወረደ ትልቅ ተክል ሥሩ ተጎድቶ፣ ሙቀቱን መቋቋም አቅቶት አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ የነቀለው ሰው ተራራውን ያራቁታል፤ ለገዛውም ሰው የሚተርፈው ነገር የለም። አሳዛኙ ነገር ይህ ነው።

እንደገና ለመተካትም ጊዜ ይወስዳል። ለአበባ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ ዘሩን ለማፍራትም በአበባ ማር የምትኖር ረጅም መንቁር ያላት አረንጓዴ ወፍ የአበባውን ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው ማድረስ አለባት። አብዛኞቹ እሬቶች በራሳቸው ዱቄት በደንብ አያፈሩምና፣ ከአንድ ዳገት ላይ ብዙዎቹ ተነቅለው ብቻውን የቀረ ተክል በሕይወት ቢኖርም ተተኪ የማፍራት ዕድሉ ይጠብባል።

ተክሉን ከሚያመናምኑት ነገሮች የመጀመሪያው ለአትክልት ስፍራ ተብሎ የሚደረገው ነቀላ ነው። ለመንገደኛ የሚሸጥ አለ፤ ድንበር አሻግሮ ለሰብሳቢዎች የሚያደርስም አለ። ለባህላዊ መድኃኒትም ይወሰዳል። በተራሮቹ የሚሰማሩት በጎች፣ ፍየሎችና ከብቶች ደግሞ ችግኙን ይረግጡታል። ወደ ደጋው የገቡት አዳዲስ መንገዶች ቀድሞ ሰው በቀላሉ የማይደርስባቸውን ዳገቶች ለነቃዮች ከፍተዋል።

የሕግ ጥበቃ አልጎደለውም። ሌሶቶ ገና የነጻነቷ ማግስት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ለቅርሶቿ፣ ለእንስሳቷና ለዕፅዋቷ ጥበቃ የሚሆን አዋጅ አውጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመውና ሳይተስ በሚል ስም የሚታወቀው የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ደግሞ ጥብቅ በሆነው የመጀመሪያ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ለንጽጽር ያህል፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ ሌሎቹ እሬቶች ከሞላ ጎደል በሁለተኛው ዝርዝር ያሉ ናቸው፤ እነሱን በፈቃድ መነገድ ይቻላል። በመጀመሪያው ዝርዝር ያለን ተክል ግን ከዱር ነቅሎ ለንግድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው። ስምምነቱ በችግኝ ጣቢያ የተባዛውን ተክል ለይቶ በፈቃድ እንዲሸጥ ይተወዋል። ሕጉ የሚላላው በፍተሻ ኬላ ሳይሆን በተራራው ላይ ነው፤ ራቅ ባለ ዳገት ማታ የሚነቅለውን ሰው የሚያይ ዘብ የለም።

ተስፋ የሚሰጠው ነገር የተክሉ ዘር በቀላሉ መብቀሉ ነው። በካሊፎርኒያ ያሉ አባዢዎች ከዘርና በቲሹ ካልቸር (በቤተ ሙከራ ከተክሉ ቁራጭ በማብቀል) ብዙ ችግኝ ያፈላሉ፤ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ቀዝቃዛ አየርም ተስማምቶታል። በሌሶቶም ከግድብ ሥራ ጋር በተያያዘ ዕፅዋትን ለማትረፍ የተቋቋመው የካትሴ የዕፅዋት ማዕከል ጥምዝ እሬትን ሰብስቦ ከዘር ያባዛል። ይሁን እንጂ በሺህ የሚቆጠር የጓሮ ተክል መኖሩ የዱሩን ቁጥር አይጨምርም። የአንድ ዝርያ የጥበቃ ደረጃ የሚለካው በራሱ ተራራ፣ ከራሱ ወፍ ጋር፣ በራሱ ዘር እየተተካ ባለው ብዛት ነው። የጓሮው ተክል ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ገበያውን ሞልቶ የዱሩን ተክል ዋጋ ያሳጣዋል።

ይህ የሚሠራው ግን ገዢው ሲጠይቅ ብቻ ነው። ከዘር ያደገ ተክል አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ቅጠሉም ንጹሕ ነው። ሥሩ የተቆረጠ፣ ቅጠሉ የተቧጨረ፣ ጥምዙ ሞልቶ የጎለመሰ ተክል በርካሽ ከቀረበ ከተራራ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ተክል መግዛት አይገባም፤ የፈቃድ ወረቀት የሌለውንም እንዲሁ።