አንድ ልኬት በሃምሳ ዓመት

በቤተ ሙከራ ልኬት አሥር ጊዜ ይደገም ሲባል አንዳንድ ተማሪዎች ከሦስተኛው በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ከራሳቸው እንደሚያመነጩ እናውቃለን፤ እኛም በተማሪነታችን ከዚህ ጥፋት ንጹሓን አልነበርንም። ድግግሞሽ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ግን ከአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ከአልበርት ማይክልሰን ሥራ እንመልከት።

ማይክልሰን እ.ኤ.አ. በ1879 የብርሃንን ፍጥነት 100 ጊዜ ለካ። ብርሃን ከሚሽከረከር መስተዋት ተንጸባርቆ፣ ሩቅ ወደ ተተከለ ሌላ መስተዋት ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ተሽከርካሪው በጥቂቱ ይዞራል፤ ስለዚህ ተመላሹ ጨረር ከመነሻው ፈቀቅ ብሎ ያርፋል። የጉዞው ጊዜ የሚሰላው ከዚህ ርቀትና ከመስተዋቱ የዙር ፍጥነት ነው። ውጤቱ በሰከንድ 299,940 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ፤ የስሕተቱንም ወሰን 50 ያህል ብሎ ገመተ። ዛሬ ከሚታወቀው 299,792.458 ጋር ሲነጻጸር ግን ስሕተቱ ወደ 150 ይጠጋል። መቶ ጊዜ መደጋገም በመሣሪያው ውስጥ የተደበቀ ስሕተትን አያወጣም፤ መሣሪያውንም መጠራጠር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1907 የኖቤል ሽልማት ከተቀበለ በኋላ እንኳ ወደዚያው ልኬት ተመለሰ። በ1920ዎቹ፣ በካሊፎርኒያ 35 ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ተራሮች መካከል ብርሃን እየላከ፣ መስተዋቶቹን እየለዋወጠ ለዓመታት ደከመ። እ.ኤ.አ. በ1926 ያገኘው 299,796 ነው፤ ልዩነቱ ከ4 ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1931 ሲያርፍም አየር በወጣለት የ1.6 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ውስጥ ያንኑ ፍጥነት እንደገና በማስለካት ላይ ነበር።