የፎገራ ዋልካ በዲሲ-3 ክንፍ ላይ

ከሳጥን የወጣ የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላንን የሚያጋልጠው ንጽሕናው ነው። ክፍሎቹ ተጣብቀው፣ ቀለሙ ተቀብቶ፣ ምልክቱ ተለጥፎ ካለቀ በኋላም መጫወቻ መምሰሉን አይተውም። እውነተኛው አውሮፕላን ጭስ ይተፋል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ፀሐይ ቀለሙን ታነጣዋለች፣ ጎማው ያስነሳው አቧራ ሆዱ ላይ ይጋገራል። ይህን ሁሉ በትንሹ አሳይቶ ሞዴሉን ማስረጀት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ውጭ አገር ለዚሁ ብቻ የሚሸጠው ዱቄትና ፈሳሽ መደርደሪያ ይሞላል፤ ዋጋውም ሲደማመር ከሞዴሉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የማይገባው ይኸኛው ክፍል ነው ባይ ነኝ፤ በተለይ ከወረታ እስከ ጣራ ገዳም ባለው አገር ለሚኖር ሰው።

የትኛው አውሮፕላን ይሠራ? ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው ፖቴዝ 25 አለ፤ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ ተሠርታ፣ በጣሊያኖች ተወስዳ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው ፀሐይም አለች። ለጀማሪ የምመርጠው ግን ሲ-47ን፣ ማለትም የዲሲ-3ን የጦር ጊዜ ወንድም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በአምስት ሲ-47 ሲሆን፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከጦርነት የተረፉ ስለነበሩ መቀመጫቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ መሐሉ ለጭነት ተትቶ። ሞዴሉ በብዙ ፋብሪካ ስለሚሠራ በርካሽ ይገኛል። በ1 ለ 72 ልኬት 29 ሜትር ገደማ የሆነው ክንፍ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ክፍሎቹ ሲጣበቁ የሚቀረውን ስንጥቅ ለመድፈን የጋራዥ ስቱኮ ይበቃል። ቀለም ለማቅጠን ግን ቲነር ፕላስቲኩ ዘንድ አይድረስ፤ አቅልጦ ይበላዋል። አኳራጃ የዋህ ነው።

ዋናው ፈተና ብረቱ ነው። የነዚያ አውሮፕላኖች ክንፍና ሆድ ያልተቀባ አሉሚኒየም ነበር፤ የብር ቀለም ደግሞ በምንም ብልሃት ቢቀባ ቀለም ከመምሰል አያልፍም። አሉሚኒየምን በአሉሚኒየም ነው መተካት፤ ምግብ የሚጠቀለልበት ፎይል እዚህ ላይ ይገባል። በውሃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ በስሱ ይቀባል፣ ሊደርቅ ሲል ፎይሉ ይጣልበታል፣ በጥጥ ይታሻል፣ ትርፉ በምላጭ ይቆረጣል። አንዱ ወገን ያበራል፣ ሌላው ይደበዝዛል፤ ሁለቱን እያፈራረቁ መለጠፍ ነው። ጥቂት ቁራጭ በውሃ ቢቀቀል ደግሞ ይጠቋቁራል። እነዚህን ሦስት መልኮች በክንፉ ላይ አሰባጥሮ የለጠፈ ሰው፣ ክንፉ ከብዙ ላሜራ የተገጣጠመ መሆኑን ያለ አንድ ጠብታ ቀለም አሳየ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ብዙዎች ይስቱታል፦ የዲሲ-3 የጅራት መሪዎችና በክንፉ ጫፍ በኩል ያሉት መሪዎች በጨርቅ የተለበጡ ናቸው። ጨርቅ እንደ ብረት አያብረቀርቅም። እነሱን ፎይል ሳያለብሱ ደብዛዛ ግራጫማ ብርማ ቀለም ብቻ መቀባት ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። ከጣና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ እየሞሉ ያስተኙት ዋልካ ነው፤ ሩዙ የሚበቅልበት፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ያ ጥቁር አፈር። ወደ ጣራ ገዳም አቀበቱ ሲጀመር አፈሩ መቅላት ይጀምራል። ሁለት ዓይነት ቀለም በነፃ ማለት ነው፤ ሲደርቅ ጥቁር ግራጫ የሚሆነውና ቀላ ያለው። ግን እንዳለ አይነሰነስም። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የምታህል ቅንጣት በ1 ለ 72 ስትታይ የሰባት ሚሊ ሜትር ጠጠር ናት፤ ሞዴሉ በአቧራ ፋንታ ኮረት የተደፋበት ይመስላል።

ስለዚህ አፈሩ ይታጠባል። በማሰሮ ወይም በጣሳ በብዙ ውሃ ይበጠበጣል፤ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። ከላይ የቀረው ድፍርስ፣ ጠላ ሲቀዳ አተላው እንዳይነሳ እንደሚደረገው፣ በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። እሱ አንድ ሌሊት ይቀመጥ፤ ጠዋት የጠራው ውሃ ተደፍቶ ከታች የሚገኘው ዝቃጭ በጥላ ይድረቅ፣ ይፈጭ። ዋልካ አብዛኛው ሸክላ ስለሆነ ቅንጣቱ እጅግ የደቀቀ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል። በጣት ሲታሽ ምንም መቆርቆር ከሌለው ደርሷል።

ከዚህ ዱቄት ጥቂቱ በውሃ ይላላና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨመርበታል። ሳሙናው ውሃው እንዳይንከባለል አድርጎ ወደ መስመሮቹ ያስገባዋል። ላሜራዎቹ በተጋጠሙበት መስመር ሁሉ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል፤ ቢዝረከረክም ግድ የለም። ሲደርቅ በረጠበ ጥጥ ከፊት ወደ ኋላ፣ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ይጠረጋል። ላይ ላዩ ይጸዳል፣ መስመሩ ውስጥ የገባው ይቀራል። ካልተዋጣ በውሃ ታጥቦ እንደገና ይጀመራል፤ በሱቅ ከሚገዛው ፈሳሽ ብዙው እንዲህ አይምርም።

የጭሱ ጥቁር የምድጃ ጥላሸት ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለማቸውን ከዚሁ ጥላሸት እያዘጋጁ ኖረዋል፤ የማይለቅ መሆኑን መጻሕፍቱ ይመሰክራሉ። ሆኖም የሞተር ጭስ ድፍን ጥቁር አይደለም። የዚያን ጊዜ የአውሮፕላን ቤንዚን እርሳስ ነበረበትና በጭስ ማውጫው ጫፍ ከጠቆረው ቀጥሎ አመድማ ጠባሳ ይተዋል። እዚያ ላይ እውነተኛ አመድ በደረቅ ብሩሽ ማሸት ነው። ዘይቱስ? ክብ ሞተር ዘይት ካላንጠባጠበ ዘይት አልቆበታል ይባላል፤ በአኳራጃ የቀጠነ ቡናማ የዘይት ቀለም በስቴኪኒ ጫፍ ነክቶ ከሞተሩ ሽፋን ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል።

አቧራው የት ይረፍ? ዲሲ-3 መሬት ላይ አፍንጫውን ሽቅብ ይዞ፣ ጅራቱን በትንሽ ጎማ አሳርፎ ይቆማል። በአፈር ማኮብኮቢያ ሲንደረደር ፕሮፔለሩና የፊት ጎማዎቹ የሚያስነሱት ሁሉ የሚያርፈው በክንፉ ሥር፣ በሆዱና በአግድም ጅራቱ የፊት ጠርዝ ላይ ነው። የአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ አቧራ የሚነሰንሱ አሉ፤ ለዓመታት የተጣለ ካልሆነ በቀር ውሸት ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ይታጠባል፣ መካኒክ አለው። ከበዛ የጦርነት ፍርስራሽ ይመስላል፤ እኔ ሠርቼ ከጨረስኩት ላይ ግማሹን መልሼ የምጠርገውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ደብዛዛ ቫርኒሽ ይነፋል፤ ፎይሉ ግን በወረቀት ተሸፍኖ፣ አለበለዚያ ብርሃኑ ይሞታል። ቫርኒሽ የነካው ዱቄት ደግሞ ግማሽ መልኩን ያጣል፤ ዋልካው ይጠቁራል፣ አመዱ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ጎማውና ፎይል ያልለበሱት መሪዎች ጣት ስለሚነካቸው ይቀቡ፣ ሆዱ ሳይቀባ ይቅር። ቢራገፍም ጣሳው ውስጥ ያለው ለሌላ ጊዜ ይተርፋል።