ላንጋኖ፦ የማይጠልለው ባሕር

ቅዳሜ ማለዳ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ የክፍያ መንገዱ መግቢያ አጠገብ ቆሞ መኪኖቹን የሚያይ ሰው፣ ማን ለሥራ ማን ለዕረፍት እንደሚወጣ ሳይጠይቅ ይለያል። ለዕረፍት የሚሄደው መኪና ኋላው ዝቅ ይላል። የታጠፈ ፍራሽ፣ ከሰል በማዳበሪያ፣ እሽግ ውሃ፣ ድንኳን፣ በመስኮት በኩል የሚታይ የልጆች መንሳፈፊያ ላስቲክ፤ የፊት ወንበር ላይ ደግሞ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች እናት። አዲስ አበባ ወደ ደቡብ ስትወጣ የምትወጣው በእኛ በአቃቂ ቃሊቲዎች በር ነው። የሐዋሳና የሻሸመኔ አውቶብሶች ከቃሊቲ መናኸሪያ ይነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። የድሮው የጅቡቲ ባቡርም የሚያልፈው በአቃቂ ጣቢያ በኩል ነበር። አቃቂ ቃሊቲ ያደገ ልጅ የላንጋኖን ሐይቅ ሳያየው በፊት ሰምቶት ያድጋል።

ከሚሰማው ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ግን የቀለሙ ነገር ነው። «ውሃውኮ ድፍርስ ነው፤ እንዴት ይዋኙበታል?» ይባላል። ላንጋኖን ላስተዋውቃችሁ የተነሳሁት ይህ ወሬ ስለማይገባው ነው። ያ ቡናማ ቀለም የሐይቁ ነውር ሳይሆን ሀብቱ ነው።

ሐይቁን ባሕር ማለቴም ምክንያት አለው። የጨው ውሃ ዳርቻ የነበረን እስከ 1985 ዓ.ም. ነበር። ኤርትራ ነፃ አገር ከመሆኗ በፊት ቀይ ባሕር ያማረው ሰው ምጽዋ ይወርድ ነበር፤ የጉርጉሱምን አሸዋ እስከ ዛሬ የሚያነሱ ሽማግሌዎች በየሰፈሩ አሉ። ከዚያ ወዲህ የተወለድነው ባሕር ስንል በልባችን ሐይቅ ነው የምንለው፤ አማርኛችንም አይከለክለንም። ጣናን ባሕር ብለን፣ ዳሩ ላይ የተቆረቆረችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለን ኖረናል። ላንጋኖ የሚሄድ ሰውም «ባሕር ልወርድ ነው» ቢል የሚያርመው የለም።

አቃቂዎች ሐይቅ በደጃችን አለን። አባ ሳሙኤል ይባላል። የአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ግድብ ያቆረው ውሃ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው የሚገቡት እዚያ ነው፤ የከተማዋን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውን ቀለም፣ የቄራውን እጣቢ ሁሉ ይዘው ይገባሉ። ከሩቅ፣ በተለይ ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት፣ ብር ይመስላል። ሲቀርቡት እምቦጭ ለብሶታል፤ እጁን እንኳ ሊነክርበት የሚደፍር የለም። በልጅነታችን «ሐይቁ ዳር አትሂዱ» ተብለን ነው ያደግነው። ውሃን በመልኩ መመዘን እንደማይቻል የተማርኩት ከአባ ሳሙኤል ነው፤ ይህም ላንጋኖን ለመረዳት ረድቶኛል።

ለአቃቂ ሰው ቅርቡ የዕረፍት ከተማ እርግጥ ቢሾፍቱ ናት። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ራሱ የቢሾፍቱ ሐይቅ፤ ሁሉም በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ግድግዳ እንጂ ዳርቻ የላቸውም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ስፋቱ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ጥልቀቱ ወደ 87 ሜትር ይደርሳል። ሁለት እርምጃ ገብቶ መቆም አይቻልም። ስለዚህ ሰው ከላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ቁልቁል ያየዋል፤ ዋና ያማረው ደግሞ ሆቴሉ ወደ ሠራው ገንዳ ይሄዳል። አሸዋ ላይ በባዶ እግር ሄዶ፣ ውሃው ቀስ በቀስ ጉልበትን፣ ወገብን፣ ደረትን ሲደርስ መሰማት የፈለገ ሰው ከቢሾፍቱ ማለፍ አለበት።

መንገዱ እስከ ሞጆ ድረስ የአዳማው ነው። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ እስከ ባቱ 92 ኪሎ ሜትር የሚሄደው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ይቀበላል። በዚያ መስመር አዋሽን እንሻገራለን። ድልድዩ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፦ ከአባ ሳሙኤል የወጣው የአቃቂ ውሃ አዋሽ ውስጥ ገብቶ፣ እኛን ቀድሞ እዚህ ደርሷል። ከዚህ ወደ ቆቃ ግድብ ይገባል፤ ከዚያ አፋርን ሰንጥቆ አቤ ሐይቅ ሲደርስ እዚያው ይቀራል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ሁሉ ነገሩ እንዲህ ነው፤ የሚወርደው ወደ ውስጥ ነው፣ የሚያልቀውም ሐይቅ ውስጥ ነው።

ድሮ በመቂ ውስጥ ለውስጥ ስናልፍ ቲማቲምና ሽንኩርት በሳጥን የሚያነሱ ልጆች መስኮቱ ሥር ይሮጡ ነበር። አሁንም ወደ አሮጌው መንገድ ወጣ ያለ ያገኛቸዋል። ባቱ ላይ ግን መቆም ግድ ነው፤ ዓሣው ለዚያ በቂ ምክንያት ነው። ቆሮሶው ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ፣ በዘይት ደርቆ፣ ከነጭንቅላቱ በአዋዜና በዳቦ ይቀርባል። ከባቱ እስከ ላንጋኖ መገንጠያ የቀረው መንገድ አጭር ነው። ከአዲስ አበባ ጠቅላላው ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአውቶብስ የመጣ መገንጠያው ላይ ወርዶ ዳርቻው ድረስ ያሉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በባጃጅ ወይም በሞተር ይጨርሳል።

የመጀመሪያ ጉዞዬን የሄድኩት ከአክስቴ ጋር ነው። ግራሮቹ አልቀው ውሃው ሲታየን አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። ሐይቁ እስከ አድማስ ድረስ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስል ነበር። «ይሄ ጎርፍ ነው እንጂ ባሕር ነው እንዴ!» አለች። አንድ የጀልባ ልጅ ሰምቷት ሳቀና «እማማ፣ ይግቡ፤ ምንም አይልዎትም። የእኛ ውሃ ቀለሙ እንጂ ሆዱ ንጹሕ ነው» አላት። አልገባችም። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ዋለች።

ማታ በባዶ ሃይላንድ ውሃውን ቀድቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። የወንዝ ድፍርስ እንስራ ውስጥ ሲያድር ይጠልላል፤ አፈሩ ከታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ንጹሑ ይቀራል። የላንጋኖ ውሃ ሲነጋም ያው ነው። ሃይላንዱን ወደ ብርሃን አንስቼ ባየው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቡናማ ነበር፤ ሥሩ ላይ የተኛ ጭቃ የለም። ምክንያቱ ቀለሙን የሚሰጡት ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ መሆናቸው ነው፤ ክብደት ኖሯቸው አይሰምጡም። ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ያመጡት አፈርና የእሳተ ገሞራ አመድ ብናኝ ነው። ውሃው ደግሞ ሶዳ ያለበት በመሆኑ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንዳይከብዱ ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስም ሐይቁን ሲያማስለው ይውላል። አዲስ ጎርፍ የገባበት አይደለም፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ይህ ቀለም ለዋናተኛ የሚሰጠው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የቢልሃርዚያ ትል ያለ ቀንድ አውጣ ዕድሜውን መጨረስ አይችልም። ከሰው በሽንት ወይም በሰገራ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባው እንቁላል ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ የዋናተኛውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣ የሚወደው ደግሞ ብርሃን የሚገባበት፣ ቄጠማና አረንጓዴ ሣር የበዛበት፣ የረጋ ዳርቻ ነው። የባቱ ሐይቅ ውሃው ጣፋጭ፣ ጥልቀቱ ጥቂት፣ ዳሩ ደንገል ስለሆነ በሽታው ይታወቅበታል፤ የሐዋሳ ሐይቅም እንዲሁ። ላንጋኖ ላይ ግን ፀሐይ ወደ ታች ርቃ አትዘልቅም፤ አሸዋማውን ዳርቻ ማዕበል ስለሚመታው ሣሩ ሥር አይሰድም። ሐይቁ ከቢልሃርዚያ ነፃ ተብሎ የሚታወቀው፣ ሰውም ደፍሮ የሚዋኝበት ለዚህ እንደሆነ ይነገራል። እኔ ግን ወንዝ የሚገባባቸውንና ሸምበቆ የያዙትን ጥጎች እተዋለሁ፤ ጀልባ ነጂዎቹም አይመክሩም። ውሃውን መጠጣት ደግሞ ጨርሶ አይገባም። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የአካባቢውን ልጆች ጥርስ የሚያበልዘውም ፍሎራይዱ ነው።

አካሉን በቁጥር እናስተዋውቀው ከተባለ፣ ስፋቱ ወደ 240 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ45 ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 1,585 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአቃቂ ብዙ ዝቅ ብለናል፤ ሙቀቱንም ሹራብ ስናወልቅ እናውቀዋለን። መሬቱም ከሥሩ የፈላ ነው። በሰሜን በኩል የሚታየው አሉቶ ተራራ እሳተ ገሞራ ነው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫ የተተከለው እዚያ ነው። ዳርቻው ላይ ስትሄዱ ግራጫ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ እንደ ደረቅ ዳቦ የቀለለ ድንጋይ ታገኛላችሁ። አንስታችሁ ውሃው ላይ ወርውሩት፤ ይንሳፈፋል። ልጆች በዚህ ድንጋይ ግማሽ ቀን ይጫወታሉ። እናቶች ደግሞ ተረከዝ ሊፈትጉበት በፌስታል ይዘው ይመለሳሉ።

ዳርቻውን ለከተማ ሰው ካስለመዱት መካከል በቀለ ሞላ ቀዳሚው ናቸው። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ በየከተማው ሆቴል የተከሉ ነጋዴ ነበሩ፤ የላንጋኖው ሆቴላቸው ስም ዛሬም የቦታ ስም ሆኖ «በቀለ ሞላ ጋ ነን» ይባላል። የዋቢ ሸበሌ ሆቴልም የቆየ ነው። ከዚያ ወዲህ ሎጁ በዝቷል። በፋሲካ፣ በጥምቀት ወይም ሰኞ በዓል በሚውልበት ሳምንት ሄዳችሁ ከሆነ ከተማ ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። ድንኳኑ ገመድ ለገመድ ይነካካል፣ ከየመኪናው የሚወጣው ሙዚቃ ይደባለቃል፣ የጥብስ ጭስ አሸዋው ላይ ይተኛል። የአርሲ ልጆች ፈረስ ይዘው «ትጋልባላችሁ?» እያሉ በድንኳኖቹ መካከል ያልፋሉ። የፈረሱ ኮቴ ርጥቡ አሸዋ ላይ የተወውን ጉድጓድ ቀጣዩ ማዕበል ይሞላዋል። ከሰዓት ላይ ከብቶች ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ ዋናተኛው ራሱ ዞር ብሎ ያሳልፋቸዋል፤ ሐይቁ መጀመሪያም የእነሱ ነበርና።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አጥሩ እየበዛ ነው። አጥር በተሠራ ቁጥር ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ወደ ጥጉ ይገፋል፤ ከቃሊቲ በአውቶብስ የመጣ ወጣት የሚያርፍበት አሸዋ ይጠበዋል። ሰውም ከብትም በነፃ የሚደርስበት ሰፊ የሕዝብ ዳርቻ በሕግ ቢከለል እወዳለሁ። ውሃውንም ማሰብ አለብን። የላንጋኖ ትርፍ በሆራ ቀሎ ወንዝ ወደ አብያታ ይሄዳል። አብያታ በዓይናችን ፊት የሸሸ ሐይቅ ነው፤ የሚገባለት ውሃ ለእርሻና ለሌላ ሥራ ሲጠለፍ ዳርቻው ነጭ ሜዳ ሆነ። የባቱ ሐይቅ ትርፍም በቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው እዚያው ነው። ላንጋኖ ላይ የምናደርገው ሁሉ ጎረቤቱን ይነካል።

ለሚሄድ ሰው የምለው ጥቂት ነው። ጠዋት ዋኙ፤ እስከ አራት አምስት ሰዓት ሐይቁ ሊጥ ይመስል ይረጋል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ልጅ ይጥላል፤ ያን ጊዜ በጀልባ ርቆ መሄድም አይመከርም። ውሃ ውስጥ የገባ እግር አይታይም፣ ወለሉም አይታይም፤ ስለዚህ ከላይ ዘሎ መግባት አይሞከር፣ ልጆችን ደግሞ እጅ በእጅ እንጂ በዓይን ብቻ መጠበቅ አይበቃም። ፀሐዩ ደመና ቢኖርም ይፈጃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ጋቢ ያስፈልጋል።

ያ ብርድ ነው አክስቴን ያስገባት። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ስወጣ አልጋዋ ላይ አልነበረችም። ዳርቻው ላይ ነፋስ የለም፣ ሰው የለም፣ ከውሃው ላይ ስስ ጉም ይነሳ ነበር። ጫማዋ አሸዋው ላይ ተደርድሮ፣ ነጠላዋ ተጣጥፎ ላዩ ላይ ተቀምጧል። እሷ በቀሚሷ ውሃው ውስጥ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ድረስ ቡናማ ነው፣ ከዚያ በላይ ነጭ ሻሿ ብቻ ይታያል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ሐይቁ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራልና ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይሞቃል። ስታየኝ እጇን ከውሃው አውጥታ ጠራችኝ። «ና ግባ» አለችኝ፤ «እንደ ጠበል ሙቅ ነው።»