ኔትወርክ ሲጠፋ የማይጠፋ ማስታወሻ፦ የቢቸናና የሞጣን የገበያ ዋጋ በ"ኦርግ ሞድ" እንዴት እንይዛለን?

አንድ ጊዜ የጤፍ ዋጋ ስንለጥፍ ተሳስተናል። የሰርገኛውን ዋጋ በነጩ ጤፍ መስመር ላይ አስገብተን ለቀቅነው። ከሰዓታት በኋላ አንድ ተከታታያችን ከቢቸና ደውሎ "ኧረ ይሄ የየት ገበያ ነው?" አለን። ወዲያው አስተካከልን። ግን እስከዚያ ስንት ሰው አይቶት ይሆን? በእንዲህ ዓይነት ስህተት እኮ አንድ ገበሬ የዓመት ልፋቱን በቅናሽ ሊሸጥ ይችላል።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ስናጣራ ነገሩ ቀላል ሆኖ አገኘነው። ዋጋውን መጀመሪያ ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ከዚያ ስልክ ላይ፣ ከዚያ ኮምፒዩተር ላይ ሠንጠረዥ እንሠራለን፣ በመጨረሻ ለፔጁ እንደገና እንገለብጣለን። አራት ጊዜ የተገለበጠ ነገር አንዴ መሳሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ማስታወሻውንም፣ ሠንጠረዡንም፣ የሚለጠፈውንም በአንድ ፋይል መያዝ ጀመርን። እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ።

👉 ተራ ጽሑፍ ሲባል ምን ማለት ነው?

ፊደል ብቻ ያለበት ፋይል ማለት ነው። ቀለም የለው፣ የፊደል መጠን የለው፣ ሥዕል የለው። ጥቅሙ በየትኛውም ስልክና ኮምፒዩተር ላይ መከፈቱ ነው።

በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈ ደብዳቤ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። ምክንያቱም እነዚያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ዛሬ በዩኒኮድ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ከዓመታት በኋላም ይነበባል።

ደግሞም ቀላል ነው። በተለመደው አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል የሚይዘው 3 ባይት ነው፤ 3,000 ፊደል ያለው ዜና 9 ኪሎባይት አካባቢ ቢሆን ነው። በደካማ ኔትወርክ ያልፋል፤ ካልሆነም በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ሥራውን ሁሉ ኦንላይን ያስቀመጠ ሰው የራሱን ፋይል እንኳ መክፈት ቸግሮት ነበር። በእጅ ያለ ፋይል ኔትወርክ አይጠይቅም።

👉 ኦርግ ሞድስ?

ኢማክስ የሚባል ነፃ የጽሑፍ ማዘጋጃ አለ። ኦርግ ሞድ በውስጡ የሚሠራ ስልት ነው። የጀመረው ካርስተን ዶሚኒክ የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2003 ነው። አሁን ከኢማክስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው መጫን አያስፈልግም።

ሕጉ ጥቂት ነው። በመስመር መጀመሪያ ላይ አንድ ኮከብ (*) አድርጋችሁ ክፍት ቦታ ከተዋችሁ ዋና ርዕስ ይሆናል፤ ሁለት ኮከብ ንዑስ ርዕስ ነው። ርዕሱ ላይ ሆናችሁ ታብ ስትጫኑ ከሥሩ ያለው ይታጠፋል፣ እንደገና ስትጫኑ ይዘረጋል። ሠንጠረዥ ደግሞ በቋሚ መስመር ይሠራል፦

* የቅዳሜ ገበያ
 ዋጋ በኩንታል
| እህል | ቢቸና | ሞጣ | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| ነጭ ጤፍ | 12400 | 12900 | 500 |
| ሰርገኛ | 11200 | 11500 | 300 |
| በቆሎ | 5200 | 5100 | -100 |

(ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተጻፉ ናቸው፤ የዛሬ ዋጋ አይደሉም!)

ልዩነቱን እኛ አላሰላነውም። ከሠንጠረዡ ሥር በሚገባው የቀመር መስመር ላይ $4=$3-$2 ብለን ጻፍን፤ ማለትም "አራተኛው ዓምድ፣ ሦስተኛው ሲቀነስ ሁለተኛው"። እዚያው መስመር ላይ ኮንትሮልና ሲን ሁለት ጊዜ ስንጫን ሁሉም ይሰላል። ይህ ቁጥር ለገበሬውም ለነጋዴውም ትርጉም አለው፦ ልዩነቱ ከመኪና ጭነት ዋጋ ካነሰ ከቢቸና ሞጣ ድረስ መጫን ኪሳራ ነው።

ለመለጠፍ ሲደርስ ኮንትሮል ሲ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ኢ ስንጫን ፋይሉን ወደ ድረ ገጽ፣ ወደ ተራ ጽሑፍ ወይም በወርድ ወደሚከፈት ሰነድ እንድንቀይር ምርጫ ይሰጠናል። መገልበጥ ቀረ ማለት ነው።

👉 ልብ በሉ

▪️ ቁጥር በ1፣ 2፣ 3 ጻፉ። በ፩፣ ፪፣ ፫ ከጻፋችሁ አያሰላም።

▪️ የአማርኛ ፊደል ስፋቱ ስለሚለያይ የሠንጠረዡ መስመር ስክሪን ላይ ሊወላገድ ይችላል። አትደንግጡ፣ መረጃው አይበላሽም።

▪️ ኦርግ ሞድ ቀን የሚመዘግበው በፈረንጆቹ ነው። የኢማክስ ካላንደር ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠርም ያውቃል፤ ቀኑ ላይ ቆማችሁ ፒ ቀጥሎ ኢ ብትጫኑ ይነግራችኋል።

▪️ አማርኛ መጻፊያም በውስጡ አለው። ኮምፒዩተር የሌላችሁ ደግሞ አንድሮይድ ስልክ ላይ ኦርግዝሊ የሚባለውን መተግበሪያ ሞክሩ፤ ማስታወሻ ለመያዝ ይበቃል።

▪️ ትልቁ ነገር፦ ተራ ጽሑፍ ቁልፍ የለውም። ስልኩን ያገኘ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ መረጃ የሰጣችሁን ሰው ስምና ስልክ ቁጥር እዚያ አትጻፉ። የፋይሉንም ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

እውነቱን ለመናገር ኢማክስ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ የቁልፎቹ ብዛት እኛንም አማሮን ነበር። ግን ለመጀመር ኮከብ፣ ቋሚ መስመርና ታብ ይበቃሉ። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

አሁንም ዋጋውን ከሰው ጠይቀን ነው የምንጽፈው። የተነገረን ቁጥር ስህተት ከሆነ ኦርግ ሞድም አያድነንም። ስለዚህ በየገበያው ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ የተሳሳተ ዋጋ ስታዩ እንደዚያ ቀን መደወላችሁን አትተዉ። 🙏