ደብረ ሊባኖስ፦ ዋሻው፣ ገድሉና የግንቦት 12 በዓል

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፍቼ ሳይደረስ ወደ ቀኝ በሚታጠፈው መንገድ የሚደረስበት፣ ገደል ተጠግቶ የተቀመጠ ገዳም ነው።  ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን ይህን ገዳም የመሠረቱት አባት ናቸው። የቦታው የቀድሞ ስም ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ የተባለው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ዳገቱን የወጣ ተሳላሚ ጻድቁ ከጸለዩበት ዋሻ ይደርሳል። ከዋሻው የሚንጠባጠበው ውሃ ጸበል ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፣ አባታችን እንቅልፍ እንዳያሸንፋቸው ሁለት ጦር በፊት፣ ሁለት በኋላ፣ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተክለው በመካከሉ ቆሙ። ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰበረ፤ በቀረው እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመው ጸለዩ።

በሥዕላቸው ላይ የሚታየው ስድስት ክንፍ ግን የተገኘው ሩቅ አገር ነው። ትግራይ ያለው ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ዛሬም የሚወጣውም የሚወረደውም በገመድ ነው። ጻድቁ ከዚያ ሲወርዱ ሰይጣን ገመዱን ቢቆርጠው፣ መሬት ሳይደርሱ ስድስት ክንፍ ተሰጣቸው ይባላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚታየው ሥዕላቸው ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ይዟል፦ ክንፉም አለ፣ የተሰበረው እግርም አለ።

ጻድቁ ያረፉት በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ የደብረ ሊባኖሱ ገድል የተጻፈው በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። በመካከሉ 200 ዓመት አለ። በዚህ ዘመን ውስጥ ብዙ ነገር ተጨምሯል። መንግሥቱን ከዛጉዌ ወደ ይኩኖ አምላክ ያዞሩት ተክለ ሃይማኖት ናቸው የሚለው ትረካ በሰፊው ይነገራል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ ይህንኑ ውለታ ለራሱ አባት ለኢየሱስ ሞዐ ይሰጠዋል፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም የሚያዘነብሉት ወደ ሐይቅ ነው። የደብረ ሊባኖሱ ትረካ የሚያሳየው ገዳሙ በኋላ የደረሰበትን ሥልጣን ነው ቢባል ያስኬዳል። አበምኔቱ እጨጌ እየተባለ የአገሩ መነኮሳት ሁሉ አለቃ ሆኖ ነበርና፤ ጳጳስ ከግብፅ በሚመጣበት ዘመን ከኢትዮጵያውያን የቤተ ክህነት ሹማምንት የሚበልጠው አልነበረም። በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ባስልዮስም ቀድሞ እጨጌ ነበሩ።

ገድል ያልሆነ፣ በቴሌግራም የተመዘገበ ታሪክም አለ። ግንቦት 12 የጻድቁ ፍልሰተ አጽም የሚከበርበት ቀን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጣሊያኖች መነኮሳቱን ከጣዮቹ ጋር አብረዋል ብለው ጠረጠሩ። ጄኔራል ማሌቲ ሕዝቡ ለግንቦት 12 በዓል በተሰበሰበበት ገዳሙን ከበበ፤ በማግስቱ መነኮሳቱና ምእመናኑ በካሚዮን ላጋ ወልዴ ወደሚባል ስፍራ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በቴሌግራም ያስታወቀው 297 መነኮሳት መገደላቸውን ነው፤ ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ግን የተገደሉትን ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሳቸዋል።

ዛሬ የሚታየው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የታነጸና በ1955 ዓ.ም. የተጠናቀቀ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ 24፣ ጻድቁ ባረፉበት ቀን፣ ግቢውን ሕዝብ ያጥለቀልቀዋል። ለስለት የሄደ ሰው ዋሻውን ከተሳለመ በኋላ ስለ ላጋ ወልዴም አባቶችን ይጠይቅ።