ቄራ ላይ የሚቆፈረው ቤዝመንትና ገና ያልመጣው አውቶቡስ



ባለፈው ሳምንት አንድ የቻናላችን ቤተሰብ በውስጥ መስመር ይህን ጥያቄ ላከልኝ፦ «ቄራ አካባቢ አፓርታማ ልገዛ ነው። መኪና የለኝም፣ የመግዛት ሐሳብም የለኝም። የፓርኪንግ ዋጋ ግን ቤቱ ላይ ተደምሮብኛል። አልፈልግም ስላቸው ሕግ ነው አሉኝ። እውነት ሕግ ነው?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው። አልሚው ፓርኪንግ እንዲሠራ መገደዱ እውነት ነው። አንተ ከቤቱ ጋር አብረህ እንድትገዛው የሚያስገድድህ ግን ልትፈርመው ያለው ውል ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ ሳትፈርም ውሉን ለሕግ ባለሙያ አሳይ።

ረጅሙ መልስ ግን ከአንድ ቤት ገዢ አልፎ የሰፈራችንን ዕጣ የሚነካ ስለሆነ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍበት።

ግዴታው ያለ ምክንያት አልመጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ፎቅ ሲሠራ መኪናው የት ይቆማል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ህንፃው ሲያልቅ ሠራተኛውም ደንበኛውም አስፋልት ላይ አቆመ፤ አስፋልቱ ሲሞላ እግረኛው መንገድ ላይ ወጣ። ዛሬ የግንባታ ፈቃድ ለማግኘት ፕላኑ ላይ ማቆሚያው መታየት አለበት። ብዛቱም እንደ ህንፃው ስፋትና አገልግሎት ይሰላል፤ ለሱቅ፣ ለቢሮ፣ ለሆቴልና ለመኖሪያ የየራሱ ስሌት አለው። ያም ሆኖ ብዙ ባለ ህንፃዎች ፈቃዱ ላይ ፓርኪንግ የተባለውን ቤዝመንት መጋዘን፣ ሱቅና ጭፈራ ቤት አደረጉት። ከተማው ቤዝመንቶች ወደ ተፈቀደላቸው አገልግሎት እንዲመለሱ በተደጋጋሚ ዘመቻ ያደረገው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የግዴታው ዓላማ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የተጻፈበት መንገድ ነው።

ሥራዬ አርክቴክትነት ነው። በቅርቡ ከፑሽኪን ጎተራ መንገድ ፈንጠር ብሎ ወዳለ አንድ ህንፃ ለልኬት ሄጄ ነበር። ሁለት ቤዝመንት አለው። የመጀመሪያው በግማሽ ተይዟል። ወደ ሁለተኛው ልወርድ ስል ዘበኛው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ባትሪ ያዝ፤ መብራት የለም።»

«መኪና አይወርድም እንዴ ጋሼ?»

«ማን ይወርዳል! መታጠፊያው ጠባብ፣ ቁልቁለቱ የሚያስፈራ። ሰው ውጭ አቁሞ ለፓርኪንግ ልጆቹ ከፍሎ መሄድ ይሻለዋል።»

በስልኬ መብራት ወረድኩ። ደርዘን የተሰበሩ በሮች፣ የተረፈ ሴራሚክ፣ የደረቀ ሲሚንቶ ከነከረጢቱ። ግድግዳው ሥር ውኃ አቁሯል። ቢጫው የማቆሚያ መስመር ግን ጎማ ስላልነካው እንደ አዲስ ነው። ወደ ላይ ስወጣ ሰዓቱ 11 ተኩል ሆኗል። የመንገዱ ዳር መኪና በመኪና ነው፤ ሰደርያ የለበሱት የፓርኪንግ ልጆች ይሯሯጣሉ። ከእነሱ አለፍ ብሎ የታክሲ ሰልፉ ሥጋ ቤቶቹን ተሻግሮ ሄዷል። አንዲት እናት ፌስታላቸውን መሬት አስቀምጠው ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

ያን ምሽት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ከእግራችን ሥር ማንም የማይገባበት ሰፊ ወለል አለ፤ ከላይ ደግሞ እናትየው አረፍ የሚሉበት አንድ አግዳሚ የለም። ለመጀመሪያው ሕግ አለ፣ ለሁለተኛው የለም።

እስቲ በካሬ እናስላው። አንድ መኪና ሲቆም 2.5 ሜትር በ5 ሜትር ይይዛል፤ 12.5 ካሬ ማለት ነው። መተላለፊያው፣ መዞሪያውና ራምፑ ሲደመር በአንድ መኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ይደርሳል። ይህ አንድ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ያህላል። በዚያ ላይ ቤዝመንት ከህንፃው ሁሉ ውዱ ክፍል ነው፤ ቁፋሮ አለው፣ የጎረቤት አፈር እንዳይናድ መደገፊያ አለው፣ የውኃ መከላከያ፣ ፓምፕና የአየር ማስወጫ አለው። ወጪው የትም አይሄድም፤ በቤቱ ዋጋና በሱቁ ኪራይ ተከፋፍሎ መኪና ያለውም የሌለውም ይከፍለዋል።

ማን ነው መኪና ያለው? የከተማው ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ሲዘጋጅ ጥቅም ላይ የዋለው አኃዝ እንደሚያሳየው በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ 54 በመቶው በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ 15 በመቶው ብቻ በግል መኪና ነው። የፓርኪንግ ስሌታችን ግን የሚቆጥረው ያንን 15 በመቶ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በርክቷል፤ ጭሱን ቀንሶልናል፣ የሚይዘው ካሬ ግን ያው ነው።

«እንግዲያው ግዴታው ይነሳ» የሚል ካለ ግን አልስማማም። ምክንያቴ ባቡራችን ነው።

ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደስታዬን አልረሳውም። በ475 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ 34 ኪሎ ሜትር መስመር ነው፤ 41 ባቡሮችም ተገዝተውለታል። ከቄራ ብትነሱ በአንድ ወገን ሜክሲኮ፣ በሌላው ጎተራ በኩል ታገኙታላችሁ። ብዙዎቻችን ከእንግዲህ መኪና ምን ያደርጋል ብለን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ የሚጠብቀው ሕዝብ በዝቶ የሚመጣው ባቡር አነሰ። ያኔ ባቡር መጣ ተብሎ የፓርኪንግ ግዴታው በመስመሩ ዳር ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መኪናው ሁሉ እግረኛ መንገድ ላይ ነበር።

ከዊንጌት እስከ ጀሞ የታሰበው ፈጣን አውቶቡስ፣ ቢአርቲ የምንለው፣ ለዓመታት ሲጠና ቆይቷል። ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ሰው አያጓጉዝም። በሌላ በኩል ዛሬ የፈሰሰ ኮንክሪት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ለዛሬው ችግር ብቻ ብንሠራ አውቶቡሱ ሲመጣ ባዶ ጉድጓድ ይዘን እንቀራለን፤ ለነገው ተስፋ ብቻ ብንሠራ ደግሞ እስከዚያው መንገዱ ይታነቃል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በሌላው ተንጠልጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? ሩቅ ሳንሄድ ከሰፈራችን በላይ ካለው አደባባይ እንነሳ። ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ብላ ከጎናችን ስለቆመች ነው። እነሱም በዋና ከተማቸው በስማችን የተጠራ የምድር ባቡር ጣቢያ አላቸው፤ «ኢትዮጵያ» ይባላል። በዚያች ከተማ በትልልቅ ግንባታዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከተገነባው ወለል 42 በመቶው ለመኪና የዋለ ሆኖ ተገኘ። በሐምሌ 2009 ሕጉን ገለበጡት። «ቢያንስ ይህን ያህል ማቆሚያ ሥራ» ይል የነበረው «ከዚህ በላይ አትሥራ» ሆነ። መሃል ከተማ ላይ ከተፈቀደው ከፍተኛ ቁጥር ግማሽ በላይ የሚሠራ አልሚም ለሕዝብ ትራንስፖርት ማሻሻያ ይከፍላል። ሳኦ ፖሎም ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድማ በትራንስፖርት መስመሮቿ ዳር ተመሳሳይ ገደብ አበጅታ ነበር።

እነሱ ግን ይህን ያደረጉት የሚመላለስ ባቡርና አውቶቡስ ይዘው ነው። ስለዚህ እንዳለ እንቅዳው አልልም። ለእኛ ይበጃል የምለውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ፓርኪንጉ ነገ ሌላ ነገር መሆን እንዲችል ሆኖ ይሠራ። ወለሉ ያዘመመ ራምፕ ከሆነ መቼም ቢሮ አይሆንም። ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ከፍታው ሱቅ ወይም ቢሮ የሚያስተናግድ፣ መብራትና አየር የሚገባው ከሆነ ግን አውቶቡሱ የመጣ ዕለት በፈቃድ ይቀየራል። ለዚህ ከሁለተኛ ቤዝመንት ይልቅ ከመሬት በላይ ያለ የፓርኪንግ ወለል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ጎረቤታሞች ይጋሩት። የቢሮ ፓርኪንግ ማታ ባዶ ነው፤ የመኖሪያው ቀን ባዶ ነው። ቄራ ላይ ሁለቱ ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። በውል የተመዘገበ መጋራት ከግዴታው ላይ ይታሰብላቸው።

ሦስተኛ፣ አልሚው ሁለተኛውን ጉድጓድ ከመቆፈር የተወሰነውን ገንዘብ እንዲከፍል አማራጭ ይሰጠው። ገንዘቡ በዚያው መስመር ላይ ለመጠለያ፣ ለአግዳሚ፣ ለእግረኛ መሻገሪያና ለአውቶቡስ መስመር ይዋል፤ ስንት ገባ፣ በምን ላይ ዋለ የሚለውም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ይህ ካልሆነ ሌላ ግብር ብቻ ይሆናል።

አራተኛ፣ ግዴታው የሚቀንሰው አገልግሎቱ በተግባር ሲገኝ ይሁን። አውቶቡሱ በየስንት ደቂቃው ይመጣል? ለስንት ወር ሳይቋረጥ ሠራ? ቁጥሩ ሲሟላ ግዴታው ይቀንሳል፤ አስቀድሞ አይደለም።

አምስተኛ፣ ቤዝመንት እስከ ወሰኑ ጫፍ አይቆፈር። ነገ ፌርማታ ለማስፋት፣ የውኃና የመብራት መስመር ለማዛወር መሬት ያስፈልጋል። የመንገዱ ጠርዝ ሥር የህንፃ ግድግዳ ከተተከለ በኋላ እሱን ማንሳት የማይታሰብ ነው።

ይህን ሁሉ ለምን አሁን አነሳሁት? ከሜክሲኮ በሳር ቤት ወደ ጎተራ የሚያልፈው የኮሪደር ልማት የሰፈራችንን ገጽ ቀይሮታል፤ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ካሳንችስ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ፈርሶ እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። ቄራው ራሱ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ሲታቀድ የቆየ ነው፤ የተዛወረ ዕለት መሃል ከተማ ላይ ትልቅ መሬት ይለቀቃል። የከተማው መዋቅራዊ ፕላንም ከ2009 እስከ 2019 የተዘረጋ ነው። የሚቀጥለው ፕላን ሲዘጋጅ የፓርኪንግ ሠንጠረዡና የትራንስፖርት ካርታው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። እስካሁን አንዱ ሌላውን ሳያይ የተጻፉ ይመስላሉ።

ወንድሜ፣ ወደ ጥያቄህ ልመለስ። አልሚው ዘንድ ስትሄድ ሦስት ነገር ጠይቅ። ፓርኪንጉ ከቤቱ ተለይቶ ይሸጣል ወይ? የጋራ ነው ወይስ የግል? የጸደቀው ፕላን ላይ ስንት ማቆሚያ አለ? ከዚያ ቤዝመንቱን ራስህ ወርደህ እየው፤ ባትሪ መያዝ አትርሳ።

ሌሎቻችሁም ሰፈራችሁ ያለውን ሁኔታ ጻፉልኝ። ባዶ የቆመ ቤዝመንት የምታውቁ ወይም ጎረቤት ለጎረቤት ተስማምታችሁ የምትጋሩ ካላችሁ በተለይ ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ። ከተስማማችሁልኝ ተሞክሯችሁን ሰብስቤ ለፕላን ባለሙያዎች አቀርበዋለሁ።